ያጠለልኩት የስሎቬኒያ ወይን

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃችን አቶ ወልደገብርኤል፣ የዌርሃውሱም የሽያጩም ልጆች፤ የእረፍት ቀናችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከቶርንተን ድረስ ነድታችሁ ለእኔ የጡረታ ስንብት ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ክትፎውን ያዘዘ ሰው ይባረክ። ለሐኪሜ ግን እንዳትነግሩብኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የስሎቬኒያን ወይን በፎርክሊፍት ስጭንና ሳወርድ ኖርኩ። አገሪቱን ካርታ ላይ ለማግኘት መነጽር ያስፈልጋል፤ ሕዝቧ የኮሎራዶን ግማሽ አይሞላም። ወይኑንም አብዛኛውን ራሳቸው ይጠጡታል፤ ለእኛ የሚደርሰን ትራፊው ነው። ታዲያ ገበሬው ካልወደደህ ይሸጥልሃል? ወይ ፍንክች!

ከስድስት ዓመት በፊት ያኔዝ፣ ያንን ብርቱካንማ ወይን የሚጠምቀው ሽማግሌ፣ "ወይኔን እንዴት እንደምታቀርቡት ልይ" ብሎ ኦሮራ መጣ። ወይኑን ለደንበኞች የምናቀምስበት ቴስቲንግ በነበረበት ጠዋት ጠርሙሶቹን ወደ ብርሃን ባነሣቸው ድፍርስ ናቸው፤ ከሥር አተላ ተኝቷል። እኔ እናቴ ጠጅ ስትጥል እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለእንግዳ ያልተጠለለ ይቀርባል? ንጹሕ ሻሽ ፈልጌ ሁሉንም አጠለልኩና መልሼ ሞላሁ። ጥርት አለ። ኮራሁ!

ያኔዝ አንዴ ጎንጨት አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ይሄ የእኔ ወይን አይደለም" አለ። ለካ ሆን ብሎ ነው ሳያጣራ የሚያሽገው።

አቶ ወልደገብርኤል ዞር አሉ። "ቴስቲንጉን ያዘጋጀው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች የሽያጯ ልጃችን ሔቨን።

እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ያኔዝ የሚልክልንን በግማሽ ቀነሰ። ሔቨንም ከዚያ ወዲህ ቴስቲንግ መርታ አታውቅም።

ሔቨን፣ ያጠለልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እንጀራዬን ፈራሁ፤ እያደር ደግሞ አፈርኩ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ባለፈው ሳምንት ለአቶ ወልደገብርኤል ነገርኳቸው። "ጋሽ ቀጸላ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ?" አሉኝ። ለያኔዝም አስጽፌ ላክሁ። መልሱ ዛሬ ጠዋት መጣ፦ "በመስከረም ለወይን ለቀማ ልጅቷን ላኩልኝ፤ እኔ ራሴ አስተምራታለሁ። አንተ ግን እዚያው ቅር።" እውነቱን ነው!

ስትመለስ ቴስቲንጉን እሷ ትመራለች። አይደለም እንዴ፣ አቶ ወልደገብርኤል? እስኪ ሰው ሁሉ እያየ ራስዎን ይነቅንቁ። ነቀነቁ! ሁላችሁም አይታችኋል።

እንግዲህ ሥራችሁ ይቃና፣ ጤና አይለያችሁ፣ ልጆቻችሁ ይባረኩ። እኔም ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ስታጠፉ ደግሞ ያጠፋችሁ ዕለት የምትናገሩበትን አፍ ይስጣችሁ።