የዮናዳብ ሳጥን ምንም አላቃጠለም

ክቡራን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ መዘምራን፣ ከአዘናና ከግምጃ ቤት ከተሞች በእግርም በጋሪም የደረሳችሁ ዘመዶች፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። ጭቃ ላይ እንደቆማችሁ አያለሁ። ቢሆንም አላሳጥርም።

እኔ ክንዴ ነኝ፤ ባለጋሪው። ዳንግላ ውስጥ የማያውቀኝ ካለ ፈረሴን ያውቀዋል። ይህን ወረቀት ማንም አልጻፈልኝም፤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። በማታው ትምህርት ከአሥራ ዘጠኝ ሰው አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጣችው እታለማሁ እዚያ ቆማለች፤ ትመስክር። ፊቷን አዞረች። እስካሁን አልተዋጠላትም ማለት ነው።

ዛሬ ግን ለመፎከር አልቆምኩም። ተናድጄ ነው የቆምኩት።

በማን ተናደድክ ትሉኝ ይሆናል። ከትናንት ጀምሮ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስሰማችሁ ነበር። አንዱ ንፍሮ እያፈሰ፣ "ደግ ሰው ነበር፤ ያንን አምፕሊፋየር ባያቃጥል" ይላል። ሌላው ደግሞ፣ "ተዉት፣ ይቅር ብለነዋል" ይላል። ይቅር ብለነዋል? ምን አድርጎ? ምን በድሎ? ሳጥኑን ማን አዙሮ አየ?

ለማታውቁት ላስረዳ። ዮናዳብ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ ከመዘምራን ጋር ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። ባሕር ዳር የሙዚቃ ባንዱ የተበተነበት አንድ ሆቴል አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ፣ አንድ የቤዝ አምፕሊፋየር አይቶ ለቤተ ክርስቲያናችን አስገዛ። የድሮ ዕቃ ነው። ውስጡ ቀስ እያሉ እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች አሉት። ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው። እኔ ብቻዬን አንሥቼዋለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ስፒከሩ ግን አብሮት አልመጣም፤ የራሱ ሳጥን ድሮ ጠፍቷል።

"ያገኘኸውን ስፒከር ሰክተህበት አታስጮኸውም?" አልኩት።

"ክንዴ፣ አንተ ፈረስህን ያገኘኸው ጋሪ ላይ ትጠምደዋለህ?"

"ምን በወጣው።"

"ይሄም ፈረስ ነው። ጭነቱ ከከበደው ይወድቃል። ጭራሽ ጭነት ከሌለው ደግሞ ያለ ልጓም ጋልቦ ራሱን ይገድላል። ስለዚህ በልኩ ጋሪ እንሥራለት።"

ሦስት የገበያ ቀን ግምጃ ቤት ወሰድኩት። የዋንዛ ጣውላ በጣቱ ያንኳኳና ጆሮውን ይለጥፋል። ያንኳኳል፣ ይለጥፋል። በመጨረሻ እንጨት ሻጩ በአገውኛ ጮክ ብሎ፣ "ይሄ ሰውዬ ጣውላ ሊገዛ ነው የመጣው ወይስ ውስጥ ያለ ሰው በር እንዲከፍትለት?" አለ። ገበያው ሳቀ። ዮናዳብም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀጣዩን ጣውላ አንኳኳ።

ሁለት አሮጌ ስፒከሮች ነበሩት። ስፒከር ኦም የሚባል ልክ አለው፤ የነዚህ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ነበር። "ሁለቱ ሠላሳ ሁለት ሆኑ" አልኩት፤ በሒሳብ ማንም አይችለኝም ነበርና። "ጎን ለጎን ሲታሰሩ ስምንት ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ የሚፈልገውም ስምንት ነው" አለኝ። የተማረ ሰው እንዲህ ከሆነስ አለመማር ይሻላል ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ደግሞ ለክቶ፣ የስፒከሮቹን ሳጥን አራት ወር ሠራው። ፋይዳው ምን ነበር? እናንተው ንገሩኝ። እሑድ ሲመታው ድምፁ ሳይጮኽ ደረታችሁ ውስጥ አይገባም ነበር? የተቀመጣችሁበት አግዳሚ አይሰማችሁም ነበር? ያንን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተቃጥሎ ያውቃል?

አሁን ወደ 2007 ፋሲካ እንምጣ። የወጣቶች ኮንፈረንስ ነበር። ዮናዳብ አባቱ ታመውበት አዘና ሄዷል። የመሣሪያ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ አዝመራው ከእንጅባራ ከአንድ የሠርግ አዳራሽ ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር አስጭነው መጡ። የጫንኩት እኔ ነኝ። "ክንዴ፣ ከዮናዳብ ሳጥን ጋር ደርበህ ስካው፤ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ድምፅ ያስፈልጋል" አሉኝ።

የዮናዳብን ሳጥን ሳዞር ጀርባው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጽሑፍ አለው። ከጽሑፉ በታች አንድ ፈረስ አንድ ጋሪ ሲጎትት ተስሏል። ከጎኑ ሌላ ፈረስ ሁለት ጋሪ ተጠምዶበት፣ ወድቆ፣ በላዩ ላይ መስቀለኛ ጭረት ተጭሮበታል።

"ጋሼ፣ ምን ይላል?" አልኩ።

"ዕቃው ውድ ነው ተጠንቀቁ ይላል። ቶሎ በል፣ ሰው እየገባ ነው" አሉኝ፣ ወረቀቱን እንኳ ሳያዩ።

እኔ ምን አልኩ? ስሙኝ፣ ምን አልኩ? "ዮናዳብ ፈረሴን ሳለልኝ" ብዬ ሳቅሁ። "የእኔ ፈረስ ግን ሁለት ጋሪ ቢጠመድበትም አይወድቅም" ብዬ ፎከርኩ። ፎክሬም ሰካሁት።

አዎ፣ እኔ ነኝ። የሰካሁት እኔ ነኝ። አታጉረምርሙ፤ ገና አልጨረስኩም።

ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሽታው መጣ። ከዚያ ጭስ። ከዚያ ዝም።

ዮናዳብ በተመለሰ በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። "በእጅ የተሠራ ሳጥን ነው ያቃጠለው" ተባለ። "ሳጥኑን ለኩት" አለ። ማን ለካ? "ማስጠንቀቂያ ጽፌአለሁ፤ ሥዕልም ስያለሁ" አለ። ሳጥኑ እዚያው ዕቃ ቤት ፊቱን ወደ እኛ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አድርጎ ቆሟል። ሃያ እርምጃ አይሞላም። ማን አዙሮ አየ? ዮናዳብ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ጣሪያውን ተመለከትኩ። ብናገር፣ ማንበብ እንደማልችል ጉባኤው ሁሉ ሊያውቅ ነው። እኔ ክንዴ። እናም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበሉት። ቤዙንም ተቀበሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዘመረ። አንድ ቀን ስሜን አልጠራም። ለርብቃ እንኳ፣ ለገዛ ሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ይኸው እያየችኝ ነው፤ ዛሬ መስማቷ ነው።

ማታ ትምህርት የገባሁት ለዚያ ወረቀት ነው። ለሌላ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ወር ዕቃ ቤት ገባሁ፤ ሳጥኑን አዞርኩት፤ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ "ከዚህ ሳጥን ጋር ሌላ ስፒከር አይደረብ። ይቃጠላል። ክንዴ ካለ ሥዕሉን አሳዩት፤ እሱ ይገባዋል። ዮናዳብ።"

እሱ ይገባዋል።

አልገባኝም፣ ወንድሜ። ለእኔ ብለህ በእኔው ቋንቋ ሳልክልኝ፣ እኔ ፉከራ አደረግኩት።

ከዚያስ ምን ጠበቅሁ? ማክሰኞ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ ኧረ እሑድ ይሻላል፣ ሰው ፊት ይሁን። እንዲህ ስል ሐሙስ ታመመ ተባለ። ቅዳሜ አረፈ።

ጋሽ አዝመራው "ይበቃል" እያሉኝ ነው። አይበቃም፣ ጋሼ። እርስዎ ማንበብ ይችሉ ነበር። እኔ ደንቆሮ ነበርኩ፤ እርስዎ ቸኩለው ነበር። በሁለታችን መካከል አንድ ንጹሕ ሰው ሁለት ዓመት ሌባ መስሎ ከኋላ ተቀመጠ። አሁን ይቅርታ ሰጪዎቹ እኛ ሆንን?

አካፋውን ስጡኝ። የመጀመሪያውን አፈር የማለብሰው እኔ ነኝ። ሁለተኛው የጋሽ አዝመራው ነው። እሳቸው ሳያለብሱ ሌላ ሰው አካፋ እንዳይነካ። ዝናቡም ይምጣ፤ እንጠብቃለን።

ይኸው፣ ጋሽ አዝመራው ተነሡ። እየመጡ ነው። መንገድ ልቀቁላቸው፤ መሬቱ ያንሸራትታል፣ ክንዳቸውን ያዙ። ርብቃ እህቴ፣ አንቺም ቅረቢ፤ የሚናገሩትን አንቺ ነሽ መስማት ያለብሽ።

ዮናዳብ፣ ደኅና ሁን። ያኔ የሰካው እጅ ነው አሁን አፈር የሚያለብስህ። ሌላ እጅ የለኝም፤ ተቀበለኝ።