ሳይያዝ የቀረው ኢንዛይም

«ቦንቱዬ፣ ከጪጩ በደህና ገባሽ? ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶታል አሉ... ስኳሩን ቀንሽ እንጂ! ዛሬ ጣፋጭ ነገር በአዳራሹ በዛብን።»

ውዳሴ ይህን ያለችው ዲላ ባለው የምርምር ማዕከል የሻይ ሰዓት ላይ፣ ለላብራቶሪ ጓደኛዋ ነበር። አማካሪዋ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ከኋላዋ ተቀምጠዋል። ከሻዩ በፊት በአዳራሹ፣ እሷ ስትለካ የከረመችውን ውጤት የራሳቸው አድርገው ለእንግዶች አቅርበው ተጨብጭቦላቸዋል። ስሟን አላነሡም። የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ የሚፈርሙት ግን እሳቸው ናቸው፤ ፊት ለፊት ምን ትበል? ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እኔን እኮ የሚደንቀኝ ያ የምንለካው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ነው። ሴሉ 'እደግ' የሚል መልእክት ሲደርሰው የሚሠራው ኢንዛይሙ ነው አይደል? ተቆጣጣሪውስ?... ኧረ እሱም ይለፋል! የሚሠራ ነገር ላይ ተጣብቆ መዋል ቀላል ነው እንዴ? ከእሱ ጠብ ስናደርግ የኢንዛይሙ ሥራ ይቀንሳል፤ ስንጨምር ጭራሽ ጸጥ። መገኘቱ ብቻ እንዲህ የሚከብድ... አንቱ ሊባል ይገባዋል!»

ቦንቱ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ሲኒዋ አቀረቀረች።

«ደግሞ መብራት የጠፋ ዕለት፣ እኔና አንቺ ለናሙናው በረዶ ፍለጋ የጭማቂ ቤቱን ሁሉ ስናንኳኳ፣ አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው ስልካቸውን ዘግተው ጸለዩልን መሰለኝ። ያለ ጸሎት ይተርፍ ነበር? 'ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ' እያሉ ይተርታሉ... ሞኞች! አዋቂ ሰው ሳያጎነብስም ይለቅማል። አንደበታቸውስ! 'የኢንዛይሙ ሥራ ለምን ጨርሶ አልቆመም?' ሲባሉ፣ 'ተፈጥሮ ምስጢሯን አትጨርስም' አሉ። ወይ መራቀቅ! እኔ ብሆን 'ፕሮቲኑ ስላነሰ፣ ሳይያዝ የቀረ ኢንዛይም አለ' ብዬ ተራ ነገር እቀባጥር ነበር። ሳይያዝ የቀረ ደግሞ... ይሠራላ! ምን ያድርግ?»

ጥያቄውን አዳራሹ ውስጥ ያነሡት እንግዳ ፕሮፌሰር ታዲዮስ ከጎን ጠረጴዛ ሰምተው ኖሮ፣ ወንበራቸውን ወደ ውዳሴ አዞሩ። አማካሪዋ ይህን ሲያዩ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ፊታቸው ደም ለብሷል። ውዳሴ ወደ ኋላ አላለችም። እንደ ጨዋ ልጅ ብድግ ብላ መንገድ ለቀቀችላቸው፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ቃሏን ግን ለቦንቱ ሰጠች።

«አሜን በይ፣ ቦንቱዬ... ለእኚያ ለማውቃቸው ሰው ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እግዜር በገዛ እጃቸው የሠሩትን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ በስማቸው ያስጠራላቸው!»