በአልትራሳውንድ ቅርጽ መለየትን ያስተማሩት የእታለም ዜና ሕይወት

እኛ ቤተሰቦቻቸው እታለም እያልን የምንጠራቸው እኅታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታችን ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናቸው ስለማይነሡ፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ ማለትም ይህን የማነብላችሁን እኔን፣ አዝለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ እኔ በአባታችን ሥራ ቤት ስሯሯጥ የእንጨት ስንጣሪ እግሬ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ራጅ ተነሥቼ ምንም የለም ተባለ፤ እንጨት በራጅ እንደማይታይ ያሰበ ሰው አልነበረምና ቁስሉ እያመረቀዘ ሄዶ እግሬ ተቆረጠ። አባታችን ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት መጋዝ አንሥተው አያውቁም። እታለም ግን ከማንም ሳይማከሩ ወደ ሕክምና ትምህርት ገቡ።

የአልትራሳውንድ ባለሙያ፣ ቆይተውም አስተማሪ ሲሆኑ፣ ተማሪዎቻቸው ሕመምተኛ ከመንካታቸው በፊት ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ማበጠሪያና የእርሳስ ስባሪ እንደ ሥጋ ለስልሶ በረጋ ጄላቲን ውስጥ ቀብረው፣ በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ቅርጽና ከኋላው ከሚወድቀው ጥላ ምንነቱን እንዲለዩ ያደርጉ ነበር። በዚህ መካከል ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች ወለዱ። ሹፌሩ ባለቤታቸው ማንኪያው ሁሉ ትምህርት ቤት ገብቶ አለቀ እያሉ ሻያቸውን በሹካ እያማሰሉ ይስቁባቸው ነበር።

አንድ ቀን እግሯ ያበጠ ሕፃን መጣች፤ ራጁ ምንም አላሳየም፤ ከተማሪዎቻቸው አንዷ ግን በአልትራሳውንድ ስንጣሪውን ለይታ አገኘችው። እታለም ያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጥተው፣ ምን ሆኑ ብላቸው፣ አልቅሰው አልቅሰው ሲወጣላቸው ሄዱ።

ባለፈው ዓመት ሆዳቸውን ሲያማቸው ሰንብቶ የመረመረቻቸው ይህችው ተማሪያቸው ነበረች። ስክሪኑን ከፊታቸው ብትመልስባቸው፣ «ልጄ፣ ያየሽውን ንገሪኝ። እኔ እንደሆንኩ ከፊትሽ አውቄዋለሁ» አሏት። ከዚያም ስክሪኑን ራሳቸው አዙረው፣ በጉበታቸው ላይ ያለውን ዕጢ ዙሪያውን በጣታቸው አሳዩዋትና እጇን ይዘው አባበሏት።

ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ሲያስተምሩ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ በቤታቸው፣ ልጆቻቸው በግራና በቀኝ እንደ ተቀመጡ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸውን ተማሪያቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተውን ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ እኛም ነገ በራቸውን ከፍተን ስንገባ ለሚጠብቀን ዝምታ አቅሙን ይስጠን። አሜን።