የበደኖ ልጥ የተደፋበት ኩሬ

የምስክር ቃል

ስም፦ ዕድሜዋ ስላልደረሰ አልተጻፈም፤ በሰፈር መጠሪያዋ ክብሪት
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ ከአክስቷ ጋር ልብስ ታጥባለች
አድራሻ፦ ከዓሣ ኩሬው አጥር ጀርባ
ቃሏን የሰጠችበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20

የመጣሁት ስለ አክስቴ ለመናገር ነው። ከጠዋት ጀምሮ እናንተ ጋ ታስራለች። ሰው ሁሉ "ውሃ መረዘች" እያለ ነው።

ጓሯችን ውስጥ በደኖ የሚባል ዛፍ አለ። እሾኹ ጫማ ይበሳል፤ ግን የሚያኖረን እሱ ነው። ፍሬውን እንመጠምጣለን፣ ከዘሩ ዘይት እንጨምቃለን። ልጡ ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ ደግሞ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ የክሊኒኩን አንሶላ የምናጥበው በሱ ነው። አክስቴ እጣቢውን አንድ ቀን እንኳ ውሃ ውስጥ ደፍታ አታውቅም። ጉድጓድ ቆፍራለታለች። "ዓሣ ያፍናል" ትላለች።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የኩሬው ባለቤት፣ ዓሣ አርቢው፣ መጥረቢያ ይዞ መጣ። "የዛፋችሁ ቅጠል ኩሬዬን አቆሸሸው፣ እቆርጠዋለሁ" አለ። የመጥረቢያው እጀታ ራሱ ከዚያው ዛፍ ነው፤ አምና አክስቴ ናት የሰጠችው። ይህን ስነግረው "አንቺ ከትምህርት ቤት የተባረርሽ፣ እኔን ልታስተምሪ ነው?" አለኝ። አልተባረርኩም፣ ራሴ ነኝ የተውኩት፤ ይሄም ይጻፍልኝ። አክስቴ ግንዱ ፊት ቆማ "ተው ወንድሜ፣ የምኖረው በሱ ነው" ስትለው ገፈተራት። በጉልበቷ ወደቀች። ጎረቤት ሲወጣ ጊዜ ትቶ ሄደ።

ደግፌ አስገባኋት። "በሞቴ፣ አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ" አለችኝ። እሺ አልኳት። አፌ ነው እሺ ያለው፣ ደሜ ፈልቶ ነበር።

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዓሦቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈው ተገኙ። ሰው ግር ብሎ መጣ። ዓሣ አርቢው "ሰፈሩን ልትጨርስ ነው!" እያለ ይጮኻል። የናንተ ሰው አልጋዋ ድረስ ገብቶ ሲጠይቃት አክስቴ ወደኔ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ "እኔ ነኝ" አለች።

ውሸቷን ነው። ጉልበቷ አብጧል፤ ከወደቀች ጀምሮ እስክትወስዷት ድረስ ከአልጋ አልወረደችም።

(እዚህ ላይ "ታዲያ ማን ደፋው?" ተብላ ተጠየቀች። ራሷን የሚያስጠይቅ ነገር እንድትናገር እንደማትገደድ ተነገራት። "ጻፍ ሳጅን፣ እስክሪብቶውን አታስቀምጥ" አለች።)

እኔ ነኝ። ትናንት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ባልዲ ዝፍዝፍ ከነልጡ በአጥሩ አሻግሬ ደፋሁት። ዓሣ እንደሚያፍን አውቃለሁ። ሁለት ሦስቱ ይሙቱበትና ይንገብገብ ብዬ ነው። ድርቁ ኩሬውን ጉልበት ድረስ እንዳወረደው ልብ አላልኩም፤ በሙሉ ውሃ ቢሆን ያን ያህል አይከፋም ነበር። ሁሉም ሲያልቁ ሳይ ግን ተጸጸትኩ፣ አልዋሽም። ሰው የሚነካ ነገር አይደለም። የሰፈሩ ፍየሎች ዛሬም ከዚያው ጠጥተው እየዘለሉ ነው፤ ሂዱና እዩ።

የዓሣው ዕዳ የኔ ነው። አክስቴን ግን ፍቷት። ጉልበቷ ሐኪም ይፈልጋል፣ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው ያስቀመጣችኋት።

የተጻፈው ተነቦልኛል፤ ሁሉም ከአፌ የወጣና እውነት ነው። ከአክስቴ ቃል ጋር ከተጋጨ የኔን እመኑ። እሷ መዋሸት አትችልበትም።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው ሳጅን ፊርማ ____________