በአልሐምዱሊላህ የተሞላ መጠይቅ

ከሸዋ ሮቢት አጣዬ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ውጭ አገር የምትማር ልጅ ከአንዲት የአጣዬ እናት ጋር ታወራለች፤ እኔ ከኋላቸው ተቀምጫለሁ።

«እትዬ፣ የማጠናው ወጣት መከራን እንዴት እንደሚቋቋም ነው። የአጣዬን ልጆች ‹እንዴት ናችሁ?› ብዬ ጠየቅኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«‹አልሐምዱሊላህ!› እኔ ጅሏ ‹ሁሉም ደህና› ብዬ ላክሁ። አስተማሪዬ ‹ድገሚ፣ አለዚያ አትመረቂም› አለኝ።»

«እሱማ ሰላምታ ነው! የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የዚሁ የሮቢት!»

«ወይ ትምህርት! ቁጭ ብለሽ፣ አብረሻቸው የማሾ እህል እየለቀምሽ ጠይቂያ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እሺ። የእርስዎ ልጅስ እንዴት ናት?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ተማሪዋ ይኼኔ አልጻፈችም፤ ጠበቀች።

«ቤታችን ከተቃጠለ ወዲህ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው።»

እኔ «ወራጅ አለ» ማለት የነበረብኝን ቦታ ሳልወርድ አለፍኩት።