በኢስተሂል ካርድ የተሰጠ ደም

የምስክር ስም፦ ሙሉመቤት አሸናፊ
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ የልብስ ንግድ
አድራሻ፦ ጅግጅጋ ከተማ፣ ቀበሌ 05
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዋበሪ ጉሌድ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር መጥሪያ ሳይደርሰኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ወንበር ተሰጥቶኝ ነበር፤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ቆሜ ነው የተናገርኩት።

ከወ/ሮ ኢስተሂል ፋራህ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተን፣ በገበያም ጎን ለጎን ልብስ እየሸጥን ሰባት ዓመት ኖረናል። ሲያመን ሐኪም ዘንድ አንሄድም። የሐኪም ቤት ወረፋ ሙሉ ቀን ይበላል፣ ሱቅም ተዘግቶ ይውላል። ላቦራቶሪ ግን የምርመራው ዋጋ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አቅም የፈቀደውን መርጦ ደም መስጠት ብቻ ነው። ሁለታችንንም በአንድ ሰሞን ካመመን ደግሞ በየተራ አንዳችን ብቻ እንመረመራለን። ከአንድ ጀሪካን እየጠጣን፣ ከአንድ ድስት እየበላን በሽታችን ከየት ይለያያል እንል ነበር። በወጣው ውጤት መድኃኒቱን ለሁለት ገዝተን እንውጣለን። ሦስት ዓመት እንዲህ ስናደርግ አንድም ቀን ጉድ አልሆንንም። ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር።

ግንቦት 14 ቀን ሐሙስ ሁለታችንም ትኩሳትና ራስ ምታት ነበረብን። ኢስተሂል ኤረር ለዘመድ ሰርግ ሄዳ ስምንት ቀን አድራ ከተመለሰች አሥር ቀኗ ነበር። እዚያ ትንኝ እንደፈጃት ነግራኛለች። ይህ ነገር እንዴት ከአእምሮዬ እንደወጣ እስካሁን አላውቅም። የመመርመር ተራው የእሷ ነበር፣ የእኔ ካርድ ጠፍቶ ስለነበር የላቦራቶሪ ካርድ ያላትም እሷ ብቻ ናት። ነገር ግን ከቀብሪበያ በሚኒባስ የመጡ ደንበኞች ዋጋ መከራከር ጀምረው ስለነበር ልትነሳ አልቻለችም። «አባዮ፣ እህቴ፣ አንቺ ሂጂልኝ፤ ያው ነን» ብላ ካርዷን ሰጠችኝ።

ከቀኑ 5፡00 ሰዓት ላይ ላቦራቶሪው ደረስኩ። የያዝኩት ሰባ ብር ነበር። ሙሉ የደም ምርመራ መቶ ሃያ ስለሚል ዓይኔን ከዚያ አነሳሁ። ታይፎይድና ታይፈስ አርባ፣ ወባ ሃያ አምስት፤ እነዚህን መረጥኩ። ለራሴ ካርድ ላውጣ ብል አሥር ብር ነው፤ አምስት ብር ጎደለኝ። ስለዚህ በኢስተሂል ካርድ ገባሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያው አቶ ዩኒስ ከሽንሌ መጥቶ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንቱ ስለነበር ሁለታችንንም አያውቀንም። «ኢስተሂል ፋራህ» ብሎ ጠራ። «አቤት» አልኩና ክንዴን ዘረጋሁ።

ውጤቱ ታይፎይድ አለ፣ ወባ የለም የሚል ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሽያጩ ለሁለታችን መድኃኒት ገዛን። እኔ በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ። እሷ ግን ባሰባት፤ አንዴ ትኩሳቱ ያቃጥላታል፣ አንዴ ብርዱ ያንቀጠቅጣታል። እንደገና ተመርመሪ ስላት «ወረቀቱ ወባ የለም ብሏል እኮ» አለችኝ። እውነትሽን ነው አልኳት። ምን ነክቶኝ ነው! በወረቀቱ ላይ የእሷ ስም ስላለ ደሙ የእኔ መሆኑን ሁለታችንም ረስተነዋል።

ግንቦት 18 ቀን ሰኞ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ ራሷን ሳተች። ወንድሟ ሂርሲ ሆስፒታል አደረሳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ወረቀቱን ለሐኪሙ ሲያሳየው ያን ጊዜ ደሙ የማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። መናገር ነበረብኝ። ሂርሲን ፈርቼ አፌ ተሳሰረ። ሐኪሙ በወረቀቱ ተማምኖ ሌላ ሌላ በሽታ ሲፈልግ ቆየ። ወባ ጭንቅላቷ ላይ መውጣቱ የታወቀው ከምሽቱ 1፡30 ላይ የራሷ ደም ታይቶ ነው። እግዜር ይመስገን ነፍሷ ተርፏል።

በማግስቱ ሂርሲ ላቦራቶሪው ገብቶ ማይክሮስኮፑን ሰባበረ፤ አቶ ዩኒስንም የሐሰት ውጤት ጽፏል ብሎ ከሰሰው። ፖሊስ ሆስፒታል ሄዶ ኢስተሂልን ሲጠይቃት ደሙን የሰጠችው ራሷ መሆኗን ተናግራለች። ይህን ያለችው ለእኔ ብላ ነው። ፖሊሶቹ ሲወጡ እጄን ይዛ «ዝም በይ፤ ወላሂ ሂርሲ አይምርሽም» አለችኝ። አቶ ዩኒስ የታሰረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም፣ እንቅልፍ የለኝም፤ ሱቁን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ። ወደ ገበያ የምሄደው በዚህ ጣቢያ በር ነው። የአቶ ዩኒስ ሚስት ሳሚያ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ትውላለች። የበሽተኛዋ ጎረቤት መሆኔን ሰምታ ኖሮ ዛሬ ጠዋት አስቁማ «እህቴ፣ ኢስተሂል ተሻላት ወይ?» አለችኝ። ባሏን ያሳሰርኩባት ሴት! ከዚያ በኋላ እግሬ ወደ ገበያ እምቢ አለኝ።

አቶ ዩኒስ ያየውን ነው የጻፈው። በእኔ ደም ውስጥ ወባ አልነበረም። ኢስተሂልም ስላዘነችልኝ እንጂ ውሸት ለምዳ ስላልሆነ በደል እንዳይቆጠርባት እለምናለሁ። ሂርሲ ይህን ሲሰማ የሚያደርገውን ያድርግ።

ይህ ቃል በእኔም ላይ ሊቀርብብኝ እንደሚችል ሳጅኑ አስረድቶኛል። የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። ላቦራቶሪ ውስጥ በኢስተሂል ስም ስጠራ አቤት ብያለሁ። እዚህ የፈረምኩት ግን በራሴ ስም ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ሙሉመቤት አሸናፊ
የተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ዋበሪ ጉሌድ