ያልተነበቡት አርባ ገጾች

በኅዳር ወር፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ድንገት ወረደና ሦስታችንን ከተዘጋው መድኃኒት ቤት በረንዳ ሥር አገናኘን። አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዋስው አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ። ሁለተኛው ዶን ኤቬሊዮ ናቸው፤ በከተማችን በሳን ኦኖፍሬ የሲጋር ፋብሪካ አርባ ስድስት ዓመት የትምባሆ ቅጠል የጠቀለሉ ሽማግሌ። የዳቦ ከረጢታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለዋል። ሦስተኛዋ ማይደሊስ፣ የፋብሪካው አንባቢ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ስትሆን፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በላስቲክ ሸፍና ከደረቷ አስጠግታ ነበር።

የፋብሪካው ልማድ በኩባ ሁሉ የታወቀ ነው። መቶ ሃያ ሰው በረድፍ ተቀምጦ ሲጠቀልል፣ አንባቢዋ ከመድረክ ላይ ሆና ጠዋት ጋዜጣ፣ ከምሳ በኋላ ልብ ወለድ ታነብለታለች። መጽሐፉን ሠራተኛው ራሱ እጅ እያወጣ ይመርጣል። ንባቡ ሲያስደስተው የቅጠል መቁረጫ ቢላዋውን ከጣውላው ላይ ያንኳኳል፤ ሲያስከፋው ወለሉ ላይ ይጥለዋል። በሳን ኦኖፍሬ ግን አንድ ያልተጻፈ ሕግም አለ፤ የተጀመረ መጽሐፍ ሳያልቅ ከመድረክ አይወርድም። የዚህ ሕግ ዋና ጠባቂ ዶን ኤቬሊዮ ነበሩ።

ችግር የመጣው ከአራት ዓመት በፊት የተመረጠው መጽሐፍ አንድ መጽሐፍ ባለመሆኑ ነው። ዘንዶና ጠንቋይ፣ የተነጠቀ ዙፋንና የታሰረች ልዕልት የሞሉበት፣ ዘጠኝ ቅጽ የታሰበለት ታሪክ ነው። ስምንቱ ታትመዋል። ዘጠነኛውን ደራሲው «እየጻፍሁ ነው» ካለ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ማይደሊስ በዚያ ሳምንት አምስተኛውን ጨርሳ ነበርና፣ ተደርጎ የማያውቅ ነገር በሚቀጥለው ሰኞ ልታደርግ አስባ ነበር፤ ይቀጥል ወይስ ይቁም ብላ እጅ ልታስወጣ።

ዶን ኤቬሊዮ ሰላምታቸውን በቅጡ ካደረሱ በኋላ፣ «ሰኞ እጅ አውጡ ልትዪን ነው አሉ» አሏት።

«አዎ፣ ዶን ኤቬሊዮ። ለእርስዎ ቀድሜ ልነግርዎ ነበር፤ ወሬው ቀደመኝ።»

«ስሚ ልጄ፣ እኔ ግማሽ ሲጋር ሣጥን ውስጥ ከትቼ አላውቅም።»

«ሲጋሩ የሚያልቀው በእርስዎ እጅ ነዋ። ይሄ የሚያልቀው በደራሲው እጅ ነው። ሰውየው ደግሞ ሌላ ሥራ የያዘ ይመስለኛል።»

ከዚያ በኋላ ሐሳቧን በትሕትና ዘረዘረች። የቀሩት ሦስት ቅጾች ብቻ ሁለት ዓመት ተኩል እንደሚፈጁ፣ በዚህ ጊዜ ሠላሳ ያህል መልካም መጻሕፍት ሊነበቡ እንደሚችሉ፣ ቢላዋ ሲንኳኳ ከሰማች ስድስት ወር እንዳለፋት፣ ሰውም የሚያዳምጠው ስለለመደ እንጂ ስለወደደ እንዳልሆነ ተናገረች። ሽማግሌው በበኩላቸው የዛሬ ልጆች ወንበራቸው ላይ መርፌ ያለ ይመስል መቀመጥ እንደማይችሉ፣ ጆሮም እንደ እጅ በትዕግሥት እንደሚሠለጥን መለሱላት።

ትዕግሥትን ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬአለሁና ለዶን ኤቬሊዮ ላደላ ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን መታገሥና መርሳት በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሁሉ እያዳመጠ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሽማግሌውን፣ ከዚህ መጽሐፍ የሚጠብቁት ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

ለእኔ የመለሱልኝ እሷን እያዩ ነው። «ሶራይዳን አታውቂያትም፤ ከመምጣትሽ በፊት ነው። ከጎኔ ተቀምጣ ነበር የምትጠቀልለው። ሦስተኛው ቅጽ ሲነበብ ሞተችብኝ። ሆስፒታል ሆና፣ የልዕልቷን መጨረሻ ሳትነግረኝ እንዳትቀር አለችኝ። እሑድ እሑድ መቃብሯ ጋ ሄጄ የሳምንቱን እነግራታለሁ። አሁን እናንተ ካቆማችሁ፣ እሑድ ምን ይዤ ልሂድ?»

ዝናቡ በቧንቧው እየወረደ ጫማችንን ያረጥበው ነበር።

«እንግዲያው እኔም ልናዘዝ» አለች ማይደሊስ። «በመስከረም አርባ ገጽ ዘልዬአለሁ። ሠራዊቱ ተራራውን የሚሻገርበትን። ደራሲው የፈረሱን ልጓም ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ጉሮሮዬን አሞኝ ነበርና ዘለልሁት። ማንም ቢላዋ አልጣለብኝም። አንድ ሰው እንኳ ቀና አላለም።»

«አላደረግሽውም። ተራራውን በበረዶ ተሻግረዋል። በቅሎዋ ገደል ገባች፤ ንጉሡም አለቀሰላት። ለሶራይዳ ነግሬአታለሁኮ።»

«መጽሐፉ ውስጥ በቅሎ የለችም፣ ዶን ኤቬሊዮ።»

ላስቲኩን ገልጣ መጽሐፉን ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም። በረዶ በዓይናቸው አይተው የማያውቁት ሽማግሌ ከረጢታቸውን ከአንድ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ከዚያም ነገሩን ቀስ እያሉ አወጡት። በዚያ ሳምንት ንጉሡ ሰኞ ሜዳ ላይ ነበር፤ ማክሰኞ ከተራራው ወዲያ ተገኘ። ሶራይዳ «እንዴት ተሻገረ?» ማለቷ አይቀርም ነበር። አባቷ በቅሎ ነጂ ስለነበሩ በቅሎ ጨመሩላት።

«ከዚያ ወዲህስ?» አለች ማይደሊስ።

«ከዚያ ወዲህማ ሰውየው ልዕልቷን ካሰራት ዓመት አለፈ። ሶራይዳ መታሰር አትወድም። አስፈታኋት።»

«መቼ?»

«በጥቅምት፤ ሁለተኛው እሑድ ላይ።» ከዚያም፣ «ስድስተኛው ላይ ምን ትሆናለች?» ብለው ጠየቁ።

«እንደታሰረች ናት።»

«ሰባተኛውስ?»

«አንድ ጊዜ በመስኮት ታያለች።»

«ስምንተኛው?»

«ሌላ እስር ቤት ያዛውሯታል።»

ዶን ኤቬሊዮ ወደ መንገዱ ዞሩ። ከዚያም፣ «አስፈትቼ ሳበቃ እንዴት ብዬ መልሼ አስራታለሁ?» አሉ። ዝናቡ ሲያባራ ከበረንዳው ወረዱ። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ወደ ኋላቸው ዞረው፣ «ሰኞ ጠይቂ» አሏት። «ስለ አርባው ገጽ ግን ለሰው ሁሉ ትነግሪያለሽ።»

ይህ ፍርድ ትክክል ነበር። የማይደሊስን መዝለል እኔም አላጸድቀውም፤ አድማጭን ሳያስታውቁ ማሳጠር በሚዛን እንደ ማጭበርበር ነው። ሰኞ ዕለት ጥፋቷን በመድረኩ ላይ ተናገረች፤ ሦስት ቢላዎችም ወደቁባት። ድምፅ ሲሰጥ ሰማንያ አራት ሰው እንዲቆም፣ ሠላሳ አንድ ሰው እንዲቀጥል እጁን አወጣ። እንዲቆም እጃቸውን ካነሡት የመጀመሪያው ዶን ኤቬሊዮ ነበሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአዳራሹ ሕግ ተለወጠ። እያንዳንዱ ቅጽ ሲያልቅ፣ ይቀጥል ወይስ ይቁም ተብሎ እጅ ይወጣል፤ አንባቢዋም የዘለለችው ቢኖር ያኔውኑ ታስታውቃለች። በአምስት ወር ውስጥ ሰባት መጻሕፍት ተነበቡ። ከእነርሱ አንዱ ስለ ንብ እርባታ ነበርና ሁለት ሠራተኞች ዛሬ ቀፎ አላቸው። በምሳ ሰዓት ስለ ተነበበው ክርክር ይነሣል፤ ቢላዋው ሲንኳኳ እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማል። የዘንዶውን ታሪክ ጨርሰው ማወቅ የፈለጉ አራት ሰዎች የቀሩትን ቅጾች ተውሰው በየቤታቸው ያነባሉ፤ ማንም አልከለከላቸውም። ማቆም የተፈቀደለት ሰው ሲቀጥል፣ የሚቀጥለው በግድ ሳይሆን ወዶ ነው፤ ወዶ የሚያዳምጥም የሰማውን ይዞት ይሄዳል።

በዚያ ሰኞ ግን፣ ድምፁ ተቆጥሮ ሲያበቃ፣ ከኋላ ረድፍ ያለች አንዲት ሠራተኛ አጉረመረመች። አራት ዓመት ሙሉ ሰምተን፣ ልዕልቷ ምን እንደ ሆነች ሳናውቅ ልንቀር ነው አለች።

ዶን ኤቬሊዮ ከቅጠላቸው ቀና ሳይሉ፣ «አግብታለች» አሏት። «ወንዝ ዳር ቤት አላት። ሁለት ሴት ልጆች ወልዳለች። አንዲት በቅሎም አለቻት።»

«ይሄ ስንተኛው ቅጽ ላይ ነው?»

«ዘጠነኛው ላይ።»

በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቢላዋ ጣውላውን መታ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።